እጅ ወደ ኋላ

ያ ክረምት ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ እንደ ጠጠር የሚንጫጫበት፣ ግድግዳው ሁሉ የሚያልብበት፣ የታጠበ ልብስ ለሦስት ቀን የማይደርቅበት ክረምት ነበር። ሰው ከቤቱ አይወጣም። የወጣም እንደሆነ ራዲዮውን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ሸጉጦ፣ ጭቃውን እየዘለለ ወደ ጠጋኙ ሱቅ ነው የሚመጣው፤ እርጥበቱ የሰፈሩን ራዲዮ ሁሉ ጉሮሮ ዘግቶት ነበርና። ሱቋ ጠባብ ናት። የተቃጠለ ሽቦና የራሰ ካፖርት ትሸታለች። ግን ትሞቃለች፤ ሰው ራዲዮውን አስረክቦም ቶሎ አይሄድም ነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ ዝናቡን እያየ ወሬ ይሰልቃል። ልጅቷ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ኋላ ሰው ሁሉ ካቻቢቴ ያላት እሷ ናት፤ ያኔ ግን ገና ጠረጴዛ ጠራጊ፣ ብሎን ለቃሚ፣ ሻይ አመላላሽ ነበረች።

የአባቷ ዓይን ስለደከመ ሱቁን የያዘው ታላቅ ወንድሟ ነው። ጋሼ ነው የምትለው። ጋሼ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ሙያውን ሊያስተምራት ከልቡ ይፈልግ ነበር። ችግሩ እጁ ነው። ነይ እስቲ ይሄን ፍቺ ይላታል፤ ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ ሳታሳርፍ፣ ቆይ ቆይ እንዲህ ነው ብሎ ይነጥቃታል። ይፈታዋል፣ ይጠግነዋል፣ ይገጥመዋል፣ ከዚያ ገባሽ ይላታል። ገባኝ ትላለች። የገባት ነገር የለም። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ እየገባት ኖረች።

በዚያ ክረምት ጋሼ የአንድ ደንበኛ አንቴና ሊያቃና ጣሪያ ላይ ወጣና ተንሸራቶ ወደቀ። ቀኝ ክንዱ ተሰበረ፤ ግራውም አልተረፈም። ሁለቱንም እጁን በጀሶ አስረው፣ ደረቱ ላይ አጣጥፈው መለሱት። መደርደሪያው ላይ ሠላሳ ያህል ራዲዮ ይጠብቃል። ባለቤቶቹ ይጨቀጭቃሉ። ምን ይደረግ? በርጩማው ላይ ተቀመጠና ከአፉ በቀር ሌላ መሣሪያ ስለሌለው በአፉ ያሠራት ጀመር። "በስተግራ ያለችውን፣ ቀይዋን። ቀይዋን አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ደንቆሮ!" እያለ ይሰድባታል፣ ይቁነጠነጣል፣ እግሩን መሬት ላይ ይደበድባል። መድረስ ግን አይችልም። እሷ ጣቷን ታቃጥላለች፣ የፈታችውን ታበላሻለች፣ ያበላሸችውን መልሳ ትፈታለች። በስድስት ሳምንት ሠላሳውም ራዲዮ ዘፈነ። ጀሶው የተቆረጠ ዕለት ጋሼ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ራዲዮ እጁን ሲሰድ፣ ልጅቷ ካቻቢቴውን ከእጇ ሳትለቅ ራዲዮውን በክርኗ ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ይሄ የኔ ነው" አለችው። ካቻቢቴ የሚለው ስም ከዚያ ወጣላት።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘመን ሄደ። ራዲዮው ቴሌቪዥን ሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ኮምፒውተር ሆነ። አባቷ ሞተ፤ እሷም አገባች፣ ባሏ ሱቁን ዝጊ ቢላት ባሏን ዘጋችው። ዕድሜዋ ከሃምሳ ሲያልፍ ጸጉሯ ሸበተ እንጂ ምላሷ አልሸበተም። የተበላሸ ኮምፒውተር የያዘ የመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩን ከመፍታቷ በፊት ሰውየውን ትፈታዋለች። ምን ነካኸው? ምንም? ምንም ያልተነካማ አይበላሽም፣ እውነቱን ተናገር ትለዋለች።

ከሱቋ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አለ፤ ግድግዳው ቢጫ፣ አጥሩ የሽቦ። ለዚህ ትምህርት ቤት ሰው ተጠቅሞ የጣላቸው ሃያ ኮምፒውተሮች ተሰጥተውት፣ የሚነካቸው ጠፍቶ በካርቶን እንዳሉ ዓመት ተቀመጡ። ርዕሰ መምህርቷ ወጣት ናት፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የምትሮጥ። ካቻቢቴን ለመነቻት። ካቻቢቴ ከሃያው አሥራ አራቱን አስነሳች፤ ስድስቱን ሬሳ ናቸው ብላ ለመለዋወጫ ፈታቻቸው። ክፍሉ ከላይኛው ፎቅ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ነበርና ከአምስቱ ጠረጴዛ በላይ ላስቲክ ተወጠረ፣ ከላስቲኩ ሥር ባልዲ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ከትምህርት ቢሮው ደብዳቤ መጣ። ደብዳቤው፣ በሦስት ወር ውስጥ የትምህርት ቤቱ መምህራን ሠልጥነው ሴት ልጆቹን ያስተምሩ፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ልጆቹን ይፈትናል፤ ልጆቹ በራሳቸው መሥራት ካልቻሉ ኮምፒውተሮቹ ሥራ ወደሚሠሩበት ወደ ቢሮው ይዛወራሉ ይላል። ካለፉ ግን የሌሎቹም ትምህርት ቤቶች መምህራን እዚሁ መጥተው ይሠልጥኑ ይላል። ርዕሰ መምህርቷ ደብዳቤውን ይዛ ሱቅ ድረስ መጣች። ካቻቢቴ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ሁለት ጊዜ አነበበችውና፣ ዓይናቸውን ጥለውበታል ማለት ነው አለች። አሠልጣኙ ማን እንደሚሆን ደብዳቤው አልተናገረም። "እኔ ነኛ" አለች፤ በዚያው ተወሰነ። በልቧ ግን ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላስቀመጠችም። ራዲዮ ሲጠገን የሰፈር ነገር ነው፤ መምህር ሲሠለጥን ግን እሱ የሚያሠለጥነው፣ ያ የሚያስተምረው እያለ የት አይደርስም። ይህን ሥራ እስከ ልክ ሳትሠራው መሞት አልፈለገችም።

ስድስት መምህራን ተሰጧት። ሁለቱን ብቻ ማወቅ ይበቃል። አንዱ የሂሳብ መምህሩ ነው፤ ወጣት፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ትንሽ ጉራ ያለበት፣ ግን ቅን። ሁለተኛዋ የልብስ ስፌት መምህርቷ ናት፤ ጡረታ ሊደርሳት ሁለት ዓመት የቀራት፣ ማውሱን መጀመሪያ የያዘችው ዕለት እንዳይነክሳት የፈራች። በአራት ሳምንት ውስጥ ስድስቱም ጻፉ፣ የጻፉትን አስቀመጡ፣ አተሙ። የሂሳብ መምህሩማ ካቻቢቴን ማረም ጀምሮ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት አሥራ አራት ሴት ልጆች ገቡ፣ ለአንድ ኮምፒውተር አንድ ልጅ። ካቻቢቴ በሩ ላይ ቆማ አየች። ክፍሉ ፈካ፤ መምህራኑ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይበርራሉ። አንዷ ልጅ ትደናገራለች፤ የኔ ልጅ አይዞሽ ይሏታል፣ ማውሱን ቀስ አድርገው ከእጇ ይወስዳሉ፣ ይከፍቱላታል፣ ይጽፉላታል። ልጅቷ በአክብሮት ከወንበሯ ብድግ ትላለች፣ መምህሩ ይቀመጣል። በአንድ ሰዓት ውስጥ አሥራ አራቱም ደብዳቤ ታተመ። መምህራኑ በደስታ ተጨባበጡ። በማግስቱ ካቻቢቴ ልጆቹን ለብቻቸው አስገብታ የትናንቱን ድገሙልኝ ብትላቸው፣ ከትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጅ በቀር ማብሪያውን እንኳ ያገኘ የለም። እሷም ያገኘችው አባቷ ጄኔሬተር ሲያስነሳ አይታ በግምት ነው። ልጆቹ የተማሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንበር መልቀቅ።

ከሰዓት በኋላ ስድስቱን መምህራን ሰበሰበች። ያኔ ነው ያን የድሮውን የጀሶ ክረምት የነገረቻቸው። ሳቁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ የልብስ ስፌት መምህርቷን ቁራጭ ጨርቅ እንድታመጣላት ለመነቻት። መምህርቷ ነገሩ ሳይገባት ባለ አበባ ጨርቅ በጣት ስፋት እየቀደደች አመጣች። ከነገ ጀምሮ እዚህ ክፍል የሚገባ መምህር እጁን ወደ ኋላ አስሮ ይገባል አለች ካቻቢቴ። በአፉ ያስተምር። አፉ ካልበቃው ይማር።

የሂሳብ መምህሩ ደሙ ፈላ። "እትዬ፣ እኔ እኮ መምህር ነኝ። በተማሪዎቼ ፊት እንደ ሌባ የፊጥኝ ልታሰር?"

"ሌባማ ነህ፣ ወንድሜ" አለችው፣ ድምጿን ሳታነሳ። "ትናንት ያችን ልጅ ስህተቷን ነው የሰረቅሃት። ልትሳሳት ተሰናድታ መጥታ ነበር፤ አንተ ተሳሳትክላት፣ አንተው አረምክላት። ምን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች?"

እሱም ልጆቹ እንዳያፍሩ ብዬ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ ስድስቱም ያጠፉት ከደግነት ነው። ልጅ በሰው ፊት ስትንተባተብ ዝም ብሎ ማየት ለእነሱ ጭካኔ ነው። ካቻቢቴ ግን ወይ ፍንክች። ልጅቷን ከሀፍረት አድናለሁ ብለህ ከእውቀት አዳንካት አለችውና ባለ አበባውን ጨርቅ ዘረጋችለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረባት። ከዚያ የልብስ ስፌት መምህርቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች፣ ጀርባዋን ለካቻቢቴ ሰጠች፣ "አጥብቂልኝ፣ እኔ ራሴን አላምነውም" አለች። እሷ ከታሰረች በኋላ ሌላው ምን ይላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ሲያዩት የሚያስቅ፣ ሲኖሩት የሚያስለቅስ ነበር። መምህራኑ በአገጫቸው ይጠቁማሉ፣ በትከሻቸው ይገፋሉ። የሂሳብ መምህሩ አንድ ጊዜ ቢጨንቀው በአፍንጫው ኪቦርዱን ሊነካ ጎንበስ ሲል ካቻቢቴ በሻርፑ ጎተተችው። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ሲስቁ ደግሞ ፍርሃታቸው አብሮ ፈረሰ። ቀስ በቀስ የመምህራኑ አፍ ተፈታ። "እዚያጋ ተጫኚ" ማለት ቀረና፣ ምን ታያለሽ፣ ማሽኗ ምን የምትልሽ ይመስልሻል ማለት መጣ። ልጅቷ ስትሳሳት ክፍሉ ዝም ይላል። ዝምታው ከባልዲው ጠብታ ጋር ይቆጠራል። ከዚያ እሷው ታገኘዋለች። በሁለተኛው ወር መጨረሻ ጨርቁ ቀረ፤ መምህራኑ ሳይታሰሩ እጃቸውን ጀርባቸው ላይ አጣምረው መሄድ ለመዱ።

ተቆጣጣሪው የመጣው ከተባለው ቀን አንድ ሳምንት ቀድሞ ነው፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ በድንገት። ረጅም ሰው ነው፣ ከረባት አስሯል፣ ጫማው ጭቃ እንዳይነካው በእግሩ ጣት ይራመዳል። ልጆቹን ከማየት መምህራኑን ልያቸው፣ እነሱ ከሠሩ ልጆቹ መሥራታቸው አይቀርም አለ። ካቻቢቴ ደብዳቤው ልጆቹን ነው የሚለው አለች። የማን ደብዳቤ መሰለሽ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ አላት። እንግዲያው የጻፉትን ይፈጽሙ አለችው።

ተቆጣጣሪው ዓይኑን በክፍሉ አዙሮ ከሁሉም የፈራችውን መረጠ፤ የዘበኛውን ልጅ። ለቢሮው የምስጋና ደብዳቤ ጻፊ፣ አስቀምጪ፣ ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ እንደገና አብሪና ደብዳቤውን አውጥተሽ አትሚ አላት። ስድስቱ መምህራን ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ፣ እጃቸው ወደ ኋላ። ልጅቷ ጻፈች። አስቀመጠች። አጠፋች። አበራች። ደብዳቤው የለም።

አንዱን ፎልደር ከፈተች፣ የለም። ሌላውን ከፈተች፣ የለም። የልጅቷ ጆሮ ቀላ። የሂሳብ መምህሩ በጣቶቹ ከጀርባው ያለውን ግድግዳ ይቧጥጣል። ርዕሰ መምህርቷ መስኮቱን ታያለች። ሁሉም ያውቃል፤ ይህ ደብዳቤ ካልተገኘ ነገ መኪና መጥቶ አሥራ አራቱን ይጭናል። ልጅቷ ሦስተኛውን ከፈተች፤ እጇ ማውሱ ላይ ቆመ። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት አለፈ። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ፣ ምላሱን ጠቅ አደረገ፣ ጎንበስ አለና ነይ እስቲ ልጄ፣ ቀላል ነው እኮ ብሎ እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ። ልጅቷም በአክብሮት ከወንበሯ ልትነሳ ቂጧን አላቀቀች።

"እጅዎን ወደ ኋላ ያድርጉ፣ ጌታዬ" አለች ካቻቢቴ።

ሰውየው ጎንበስ እንዳለ አንገቱን ቀና አድርጎ አያት፣ ጆሮውን ያላመነ ይመስላል።

"ምን አልሽ?"

"እጅዎን ወደ ኋላ። እዚህ ክፍል ውስጥ የልጅ ማውስ አይነካም። መምህራኑም አይነኩም፣ እኔም አልነካም፣ እርስዎም አይነኩም። አንቺ ልጅ ተቀመጪ።"

ልጅቷ ተቀመጠች። ሰውየው እጁን መለሰ፤ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ኪሱ ከተተው፣ እሱም ክብሩ ነው። ልጅቷ ፎልደሮቹን ሁሉ ዘጋች። የመጻፊያውን ፕሮግራም ከፈተች፤ ከጎኑ በቅርብ የተከፈቱ ጽሑፎች ዝርዝር አለ፤ ከላይ ያለውን ተጫነች። ደብዳቤዋ ወጣ። ያን ዝርዝር ማንም አላስተማራትም። የሂሳብ መምህሩ ራሱ አያውቀውም ነበር። በፊትም እንዲሁ ጽሑፍ ሲጠፋት፣ የሚያወጣላት ሲታጣ፣ በራሷ ስትፈልግ ያገኘችው ነው። ማተሚያው ተንጫረረ፣ ወረቀቱ ወጣ፣ ተቆጣጣሪው አንስቶ አነበበ። ስለ ኮምፒውተሮቹ በጣም እናመሰግናለን፤ ጣሪያው ግን ያፈሳል ይላል። ሌላ የለውም።

ከዚያ የቀሩት አሥራ ሦስት ልጆች በተራ ተፈተኑ። አንዷ ብቻ አልሆነላትም፤ እሷንም ማንም አልነካባት። ተቆጣጣሪው መዝገቡን ዘግቶ፣ ደረጃውን በጣቱ እየረገጠ ወረደ።

ከአሥር ቀን በኋላ ደብዳቤ መጣ። ኮምፒውተሮቹ ባሉበት ይቆያሉ ይላል፤ የሌሎቹም ትምህርት ቤቶች መምህራን ይመጣሉ ይላል። ጣሪያውን ግን አላነሳውም። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ አሠልጣኟ ዲፕሎማ የሌላት ከመሆኗም በላይ የሥራ ኃላፊን በሰው ፊት ስለደፈረች፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የጽሑፍ ይቅርታ ካቀረበች በባለ ዲፕሎማ ሥር ረዳት ሆና ትቀጠራለች፤ ካላቀረበች ግን ከሥልጠናው ትወጣለች ይላል።

ርዕሰ መምህርቷ እያለቀሰች ነው ሱቅ የመጣችው። ጋሼም ነበር፤ ሸምግሏል፣ ግን አሁንም በርጩማው ላይ ተቀምጦ ይቆጣጠራል። አንድ ወረቀት ነው እኮ፣ ጽፈሽ ስጪና ሥራሽን ሥሪ አላት፤ ሰው ለእንጀራው ስንት ነገር ይውጣል አላት። ርዕሰ መምህርቷም እግሯ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራት።

"እትዬ፣ ለልጆቹ ብለው። እኔ እጽፈዋለሁ፤ እርስዎ ይፈርሙበት ብቻ።"

ካቻቢቴ የያዘችውን ሥራ አላቆመችም። ብሎኑን እስከ መጨረሻው ፈትታ፣ ክዳኑን አንስታ ከጎኗ አስቀመጠች።

"የኔ እመቤት፣ ይቅርታ ለጥፋት ነው። እኔ ያን ቀን አላጠፋሁም። በዕድሜዬ አንድ ቀን ልክ የሠራሁ ቢኖር ያ ቀን ነው። ያን ቀን ጥፋት ነበር ብዬ ከፈረምኩ፣ ነገ ያ የሂሳብ መምህር ባለሥልጣን ክፍሉ ሲገባ ምን ያደርጋል? ማውሱን ከልጅቷ ነጥቆ ለሰውየው ይሰጠዋል። ያስተማርኩትን ሁሉ በአንድ ፊርማ አጠፋሁት ማለት ነው። አልፈርምም።"

ርዕሰ መምህርቷ ታዲያ ምን ያደርጋሉ አለቻት። የተበላሸ እጠግናለሁ አለቻት፤ ስጠግን ነው የኖርኩት። ሳምንቱ አለፈ። የክፍሉን ቁልፍ ዘበኛው ራሱ መጥቶ ተቀበላት፤ የሚሰጥ እንጂ የሚቀበል አይመስልም ነበር፣ አንገቱን ደፍቶ።

ባለ ዲፕሎማው አሠልጣኝ መጣ። በሰሌዳ ላይ ሁለት ሳምንት አስተማረ፣ ሠርተፊኬት ሰጠ፣ ሄደ። ክፉ አልነበረም። ከየትምህርት ቤቱ የመጡት መምህራን ግን ሠርተፊኬታቸውን ጠቅልለው ሲወጡ፣ የሂሳብ መምህሩ በር ላይ ጠብቆ ሁለት መንገድ ሽቅብ ይወስዳቸው ጀመር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ሱቋ አራት ሰው አትይዝም። ሌላው መንገድ ላይ፣ በመስኮት በኩል ይማራል። መማሪያቸው የደንበኛ ብልሽት ነው፤ የልብስ ስፌት መምህርቷ የእጅ ማሰሪያ ጨርቅ ትቀድዳለች። ካቻቢቴ ወረቀት አልሰጠችም፣ ስም አልመዘገበችም። ወረቀት የፈለገ ቢሮ ይሂድ፣ እዚያ ሞልቷል ትላለች። ተቆጣጣሪው ሰምቶ ሕገወጥ ሥልጠና ነው ብሎ ሰው ላከባት። የተላከው ሰው መጣ፣ አየ፣ የራሱን ኮምፒውተር ብልሽት ጠይቋት ተመለሰ።

እንዲህ ሦስት ዓመት ያህል ቆየ። ስንት መምህር በዚያች ሱቅ እንዳለፈ የቆጠረ የለም። ጋሼ ካረፈ በኋላ ግን ሱቋ ለእሷ ጠበበቻት ይሁን ሰፋቻት አልታወቀም፤ እሷ ዘንድ ከሠለጠነች አንዲት መምህርት ጥሪ ሲመጣላት መሣሪያዋን በሣጥን አድርጋ፣ ሱቁን ለእህቷ ልጅ ሰጥታ፣ በጠዋት አውቶቡስ ሄደች። ማንንም አልተሰናበተችም። የሂሳብ መምህሩ ቅዳሜ አምስት መምህራን አስከትሎ መጥቶ ዝግ በር ላይ ቆመ ይባላል። ቆሞ አልቀረም፤ መንገዱ ላይ ራሱ አስተማራቸው።

ካቻቢቴ ለመጨረሻ ጊዜ የታወቀችው ከትልቁ ወንዝ ማዶ ባለ የልጃገረዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከመጻሕፍት ቤቱ ጀርባ ያለችው ክፍል ውስጥ ትኖር ነበር፤ ዘጠኝ መምህራን ታሠለጥናለች፤ በደመወዝ መዝገቡ ላይ የጥገና ሠራተኛ ተብላ ተጽፋለች።